"የግርግሩ ዓመት" ልጅ፦ እናቴ የተወለደችው በ1952 ነው በ1953?

የበኩር ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት። ነገሩ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

እማዬ የተወለደችው በመስቀል ቀን ነው። እዚህ ላይ ማንም አይከራከርም። ክርክሩ ዓመቱ ላይ ነው። የቀበሌ መታወቂያዋ መስከረም 17 ቀን 1952 ይላል። ፓስፖርቷ ደግሞ ሴፕቴምበር 27 ቀን 1960። እኔ ሁለቱ አንድ ቀን ይመስሉኝ ነበር። ከፈረንጁ ላይ ስምንት ቀንሼ የኛን ማግኘት ነው የለመድኩት። ባለፈው ሳምንት ለአንድ ጉዳይ ሁለቱንም ይዘን አንድ ቢሮ ሄድን። መስኮቱ ጋ ያለው ልጅ ጎን ለጎን አስቀምጦ አያቸውና "እማማ፣ ሁለት ጊዜ ነው እንዴ የተወለዱት?" ብሎ መለሰን። እማዬ ሳቀች። እኔ ግን ግማሽ ቀን ተሰልፌ ስለነበር ሳቅ አልመጣልኝም።

የዛሬ ስንት ዓመት መታወቂያዋ ጠፍቶባት ስታወጣ ነው ይሄ 1952 የመጣው። ፓስፖርቷን አይተው ነው የሞሉላት። ጡረታ የወጣችውም በዚሁ ቁጥር ነው። እሱን ለጊዜው ልተወው፣ ደሜ ይፈላል።

ቤት ስንገባ አያቴን ጠየቅኋት። እቴቴ ነው የምንላት። እግሯ ደከመ እንጂ ነገር አይጠፋትም። ቁጥር ግን አትወድም። "የግርግሩ ዓመት ናት" አለችኝ። "በመስቀል ወለድኳት። ሰማንያ ቀኗ ደርሶ ክርስትና ልትነሣ ድፎው ተጋግሮ፣ ጠላው ደርሶ፣ ተኩስ ሆነ። ድፎውን አልጋ ሥር ተኝተን በላነው።" ቤታቸው ያኔ አፍንጮ በር ነበር። ሌላም አለች። አበበ ሮም ላይ ያሸነፈ ጊዜ ሆዷ ገፍቶ፣ መውለጃዋ ተቃርቦ ነበር። ጎረቤት ራዲዮ ያለው ሰው ጮኾ ሲወጣ ደንግጣ ምጥ የመጣባት መስሏት እንደነበር ትናገራለች።

እኔና እህቴ ዘንድሮ ለመስቀል፣ ደመራው ካለፈ በኋላ ቤት ሰብሰብ ብለን፣ እማዬ በተወለደችበት ዓመት የሆነውን ጽፈን ልናነብላት አስበናል። ግን ዓመቱን ሳናውቅ ምኑን እንጽፋለን? ስፈልግ ደግሞ አንዱ ጋ አበበ በ1952 አሸነፈ ይላል፣ ሌላው ጋ 1953። 65 ነው 66 ሻማ የምንገዛው? እባካችሁ የምታውቁ።

ቀልጣፋው

1960 ሲቀነስ 8፣ 1952። መታወቂያው ልክ ነው። ይሄን ያህል መጻፍ አያስፈልግም ነበር 😄

ጡረተኛው መምህር

ቀልጣፋው፣ ስምህ አስቸኮለህ። 34 ዓመት ታሪክ ሳስተምር ተማሪ የምጥለው በዚችው ነበር።

ስምንት የሚቀነሰው ከጃንዋሪ መጀመሪያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ነው። እንቁጣጣሽ ከባተ በኋላ ግን የኛ ዓመት አንድ ጨምሯል፣ የፈረንጁ ገና አልተለወጠም። ስለዚህ ከመስከረም 1 ጀምሮ ፈረንጁ ዓመቱን እስኪለውጥ ድረስ የሚቀነሰው ሰባት ነው። ሴፕቴምበር 27 ቀን 1960 መስከረም 17 ቀን 1953 ነው። ዕለቱ ማክሰኞ። ፓስፖርቱ ልክ ነው። የተሳሳተው መታወቂያው ነው። የሞላው ሰው እንዳንተ ስምንት ቀነሰ፣ አለቀ።

የበኩር ልጅ፣ አንቺ ግን ከኔ ስሌት የበለጠ ማስረጃ ቤትሽ አለ። አያትሽ። እስቲ ቁጠሪ። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው። ከመስከረም 17 ጀምረሽ ሰማንያ ስትቆጥሪ ታኅሣሥ 6 ላይ ታርፊያለሽ። የተወለደችበትን ቀን ካልቆጠርሽ ታኅሣሥ 7። የታኅሣሥ ግርግር፣ የንጉሡ ክብር ዘበኛ የሞከረው መፈንቅለ መንግሥት፣ መቼ ነው? ማክሰኞ ታኅሣሥ 4 ማታ ተጀመረ፣ ቅዳሜ ታኅሣሥ 8 ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። ጦር ሠራዊቱና ክብር ዘበኛው መታኮስ የጀመሩት ደግሞ ሐሙስ ታኅሣሥ 6 ከሰዓት በኋላ ነው። አያትሽ የድፎውን ቀን አልሳቱም። በ1952 ታኅሣሥ ቢሆን ኖሮ ድፎው በሰላም ይቆረስ ነበር። ሻማው 65 ነው።

የአበበም ነገር እንደዚሁ የቀን መቁጠሪያ ጨዋታ ነው። ሮም ላይ የሮጠው ቅዳሜ ሴፕቴምበር 10 ነው። በኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1952። በማግሥቱ እንቁጣጣሽ! 1953 የሚለው ሰው የተሳሳተው በአንድ ሌሊት ነው፣ ብዙ አትፍረጂበት። ሮም ላይ ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ጀምረው ሲጨርሱ ጨልሞ ነበር። በአፒያ መንገድ ዳር ወታደሮች ችቦ ይዘው ቆመዋል። እዚህ ደግሞ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነው፣ በየደጁ ችቦ የሚበራበት ምሽት። ይሄን ሳስበው ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ለእናትሽ ስታነቡ ሩጫውን በደንብ ጻፉት። "በባዶ እግሩ አሸነፈ" ብላችሁ አትለፉት፣ እሱንማ ሁሉም ያውቃል። የደረቱ ቁጥር 11 ነበር። ተጠንቀቀው የተባለው የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም 26 ቁጥር ለብሶ ይሮጣል ብሎ ነው የጠበቀው። ራዲ የለበሰው ግን 185 ነበር። አበበ 26ን እየፈለገ ከፊት ያሉትን አንድ በአንድ ሲያልፍ፣ ጎኑ የሚሮጠው ሰው ራሱ ራዲ መሆኑን አላወቀም። ወደ መጨረሻው፣ ጣሊያን ከአክሱም ወስዶ ሮም ያቆመው ሐውልት ጋ ሲደርሱ ጥሎት ሄደ። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ፣ የዓለም ክብረ ወሰን። ራዲ 25 ሴኮንድ ዘግይቶ ገባ። የገቡትም በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ነው፣ ስታዲየም ውስጥ አይደለም። ጣሊያን አዲስ አበባ ከገባ ገና 24 ዓመቱ ነበር። ሌላው አበበ፣ አበበ ዋቅጅራ፣ 7ኛ ወጣ። እሱን ማንም አያነሣውም፣ እናንተ አንሡት።

አሁን ዋናው ነገር። ሰው ሩጫውንና ግርግሩን ለየብቻ ያወራል። እኔ ለየብቻ አይታዩኝም። አበበ የክብር ዘበኛ ወታደር ነው። በእንቁጣጣሽ የአገር ኩራት የነበረው ያው ጦር ከሦስት ወር በኋላ በታኅሣሥ ከዳተኛ ተባለ። አዛዡ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ከወንድሙ ከገርማሜ ጋር ሆኖ፣ ንጉሡ ብራዚል ለጉብኝት ሄደው ሳለ፣ መኳንንቱንና ሚኒስትሮቹን እቴጌ መነን ታመዋል ብሎ ጠርቶ ያዛቸው። ረቡዕ በራዲዮ አልጋ ወራሹ አስፋ ወሰን መግለጫ አነበቡ። ሐሙስ ጠዋት የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ደግፈው ሰልፍ ወጡ። ከሰዓት ተኩስ። ዓርብ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ፣ አረንጓዴው ሳሎን በሚባለው ክፍል፣ የታገቱት ተረሸኑ። ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻ እዚያ ነው የሞቱት። ከዚያ በኋላ የክብር ዘበኛ ሰው ሁሉ ተጠረጠረ። አበበ ራሱ ተይዞ ተለቋል። ጥላሁን ገሠሠም የክብር ዘበኛ ሙዚቀኛ ስለነበር ታስሮ ነበር።

ገርማሜ ታኅሣሥ 15 ሞተ። መንግሥቱ መጋቢት 21 ተክለ ሃይማኖት አደባባይ ተሰቀለ። ይሄን ለልደት አታንብቡት።

የቀረውን ባጭሩ። እናትሽ በተወለደች በአራተኛው ቀን፣ መስከረም 21፣ ናይጄሪያ ነፃ ወጣች። ያ የፈረንጆች 1960 17 የአፍሪካ አገሮች ነፃ የወጡበት ነው። ጎረቤታችን ሶማሊያ አንዷ ናት። ኮንጎ ላይ የኛ ጠቅል ብርጌድ ከተባበሩት መንግሥታት ጦር ጋር ነበር። ጥር 29 አፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ። ሚያዝያ 4 ጋጋሪን ጠፈር ወጣ። ናይጄሪያ፣ አዳራሹና ጋጋሪን ሁሉም 1953 ውስጥ ናቸው። ቴሌቪዥን የሚባል ነገር ግን አልነበረም፣ እሱ የመጣው በ1957 ነው። ስለዚህ አያትሽ ይሄን ሁሉ የሰሙት በራዲዮና በሰው አፍ ነው።

ውርጌሳ

መምህር እግዜር ይስጥልን። እኔ ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቤታችን ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በሚወስደው መንገድ። የልጅነት ነገር ብዙው ጠፍቶብኛል፣ ይሄ ግን ቁጭ ብሏል።

የማስታውሰው ወረቀቱን ነው። ከአውሮፕላን ላይ ወረቀት ተበተነ። የአቡነ ባስልዮስ ቃል ነበር፣ ለንጉሡ ታማኝ ሁኑ የሚል። እሱን በኋላ ነው ያወቅሁት፣ ያኔ ለኛ ከሰማይ የሚወርድ ወረቀት ነው። ከወንድሜ ጋር ሮጠን አንዱን የቆጥ ጣሪያ ላይ አገኘነው። አባቴ ቀማን። አነበበው፣ አጠፈው፣ መልሶ ዘረጋው። ከዚያ ምጣዱን አንሥቶ ከጉልቻው ሥር ከተተው። እናቴ "ለምን አትቀደውም?" አለችው። "ማን እንደሚያሸንፍ ሳይታወቅ?" አላት። ይሄን አረፍተ ነገር በኋላ በዘመናችን ስንቴ አስታወስኩት መሰላችሁ።

ተኩሱ ሲበረታ እናቴ ፍራሹን መስኮቱ ላይ አቆመችው። እኛን ከግድግዳው ሥር አስተኛችን። እኔ የማለቅሰው በተኩሱ አልነበረም። ውሻችን ውጪ ቀርቶ ነበር። ቅዳሜ ዕለት እልልታ ሲሰማ በሩ ተከፈተ፣ ውሻው ደጃፉ ላይ ተኝቶ ነበር፣ ምንም አልሆነ። ረኀቡ ግን።

የበኩር ልጅ፣ አያትሽን ስለ ወረቀቱ ጠይቂያቸው። አፍንጮ በር ከነበሩ ሳያዩት አይቀሩም። በሉልኝ ደግሞ፣ ከዚያ ሰፈር ሰው ነው የጠየቀሽ በያቸው።

ስድስት ኪሎ ዶርም

ታሪኩን መምህር ጨርሰውታል። እኔ አንድ ሐሳብ ብቻ። እናትሽን ስድስት ኪሎ ግቢ ውሰዷት።

ገነተ ልዑል ማለት ያ ግቢ ነው። ከግርግሩ በኋላ ንጉሡ ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። አሁን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለበት። የንጉሡ መኝታ ቤት እንዳለ ተቀምጧል። መስታወቱ ላይ የጥይት ቀዳዳ አለ፣ የዚያን ታኅሣሥ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኜ ሳየው ጣቴን ልሰድ ስል አስጎብኚው ተቆጣኝ።

በሩ ላይ ደግሞ ጣሊያኖች የሠሩት ጠመዝማዛ ደረጃ አለ፣ የትም የማያደርስ። ሙሶሎኒ ሥልጣን ከያዘበት ጊዜ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን ነው። በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ፎቶ ማንሣት የሚወድ ካለ እዚያ ነው።

አፍሪካ አዳራሽም ከተቻለ። የአፈወርቅ ተክሌ መስታወት 150 ካሬ ሜትር ነው። ጠዋት ፀሐይ ሲመታው ቀዩ ወለሉ ላይ ይፈስሳል። እናትሽና አዳራሹ የአንድ ዓመት ልጆች ናቸው ማለት ነው። አዳራሹ በቅርቡ ታድሷል፣ እናትሽ ግን እድሳት የሚያስፈልጋት አይመስለኝም 😊

የበኩር ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መምህር፣ የጻፉትን ትናንት ማታ ለእቴቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ። "ሐሙስ" ስል ዓይኗን ገለጠች። "ሐሙስ ነበር እንዴ? እኔ እኮ ዓርብ ነው የምለው፣ ጦም ስለነበር ድፎውን በቅቤ አልነካሁትም" አለች። የነቢያት ጦም ነው ብዬ ነገርኳት፣ በጦሙ ሐሙስም ቢሆን ቅቤ የለም። ትንሽ አሰበችና "እሱስ ልክ ነው" አለች። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እቴቴን በጦም ጉዳይ ረታኋት።

ውርጌሳ፣ ወረቀቱን ጠየቅኋት። "አዎ ወርዷል። እኔ ፊደል አልቆጠርኩ፣ ምን ላድርገው? እሳት ለኮስኩበት" አለች። ወረቀቱ ጥሩ ይነድ ነበር አሉ። አባትዎ ሳይሰሙ ይቅሩ።

ክርስትናውንም ጠየቅኋት። እማዬ የተነሣችው ታኅሣሥ 19፣ በገብርኤል ነው። ድፎ እንደገና ተጋገረ፣ ግን ዱቄቱ አልበቃም፣ ከጎረቤት ተበድረው ትንሽዬ ድፎ ሆነች። ሊያነሧት የነበሩት ክርስትና እናት ግን አልመጡም። ባላቸው የክብር ዘበኛ ነበሩ፣ ታስረው ነበር። በሌላ ሰው ተነሣች። እማዬ ይሄን አታውቅም ነበር። 65 ዓመት ሙሉ ክርስትና እናቴ የምትላቸው ሴትዮ በመጨረሻ ሰዓት የተጠሩ ጎረቤት ናቸው። እዚያው ቁጭ ብላ ዝም አለች። ከዚያ "ለዚህ ነዋ እቴቴ ሁልጊዜ የእነዚያን ሰዎች ቤት ስናልፍ የምትሳለመው፣ እኔ ቤተ ክርስቲያን ያለ ይመስለኝ ነበር" አለች።

ስድስት ኪሎ እሁድ እንሄዳለን። እቴቴም እሄዳለሁ ብላለች፣ እንዴት ደረጃ እንደምናወጣት እንጃ። መታወቂያውን ለማስተካከል ማክሰኞ ቀጠሮ አለን። የመምህርን ስሌት በወረቀት ገልብጬ ይዣለሁ፣ ሰባትና ስምንቱን በቀይ እስክሪብቶ። ያ መስኮቱ ጋ ያለው ልጅ ካለ ለሱ ነው የማነብለት።

ቀልጣፋው

ተሸንፌያለሁ። ሰባት ነበር ለካ።

ቆይ ግን። አሁን የአባቴን መታወቂያ አውጥቼ አየሁት። ኅዳር 1962 ይላል። ፓስፖርቱ ኖቬምበር 1970።

መምህር፣ አሉ?